ምንም ያልጻፍኩበት ኔጋቲቭ

አምቦ ውስጥ ካሜራ የያዙ ሰዎች በየዘመኑ ነበሩ። ፎቶ የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ጉራ ነው የሚል ካለ ይበል። እኔ የሠራሁትን ነው የማወራው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ፎቶ የተማርኩት ደግሞ መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ጥሎት ከሄደ መጽሐፍ ነው። የተጻፈበትን ቋንቋ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ሥዕሎቹን እያየሁ፣ እያበላሸሁ፣ ደግሞ እያየሁ ቻልኩት። የመጀመሪያውን ፊልሜን ያጠብኩት ከመሬት እየፈላ በሚወጣው የአምቦ ውሃ ነበር፤ ያነሳኋቸው ሙሽሮች ፈንጣጣ የወጣባቸው መስለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በበርሜል ባጠራቀምኩት የክረምት ውሃ ካልሆነ ፊልም አጥቤ አላውቅም። አስተማሪ ቢኖረኝ ያ ስህተት አይደርስብኝም ነበር። ግን አስተማሪ የነበራቸው ሁሉ የት ደረሱ?

በደርግ ዘመን ከጉደር እስከ ሸነን፣ ከሸነን እስከ ወንጪ የገበሬውን የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ገጠሩ ስሜን ትቶ «አባ ሱራ» አለኝ። ሱራ በኦሮምኛ ፎቶ ነው። የክብር ስም ስለሆነ አልተቃወምኩም።

ከሁሉ አብልጬ የምኮራው ግን በጽሕፈቴ ነው። ኔጋቲቭ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ያብለጨልጫል፣ አንዱ ደብዘዝ ያለ ነው። ቀለም ደህና አድርጎ የሚይዘው ደብዛዛው ነው፤ እዚያ ላይ የጻፉት ግን ወረቀት ላይ ሲታተም ተገልብጦ ይወጣል። ስለዚህ ገልብጬ መጻፍ ተማርኩ፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ፊደል። በቀጭን ብዕር ከያንዳንዱ ኔጋቲቭ ጠርዝ ላይ ተራ ቁጥሩን፣ ወሩንና ዓመቱን እጽፋለሁ፤ ሲታተም ከፎቶው ግርጌ ነጭ ሆኖ ይነበባል። በፖስታው ላይ ደግሞ በእርሳስ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ያነሳሁበትን ቦታና ጊዜ፣ የለበሰውን፣ ጠባሳ ካለው ጠባሳውን እጽፋለሁ። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቅ ፎቶ ቤቶች እንኳ ይህን አያደርጉም ነበር። ከፎቶ ቤቴ በር በላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር፦ «እዚህ ቤት ስህተት የለም»።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምትሠራው ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ሳይበላሹ ኮምፒውተር ላይ ላስቀምጣቸው» ብላ ኔጋቲቮቼን ከየካርቶኑ ማውጣት ጀመረች። እያንዳንዱን በማሽን ታነሳና ከጠርዙ ያነበበችውን ትጽፍበታለች። እሷ ራሷ በስልኳ የምታነሳው ፎቶ ልክ የለውም፤ አንዱንም ግን የት አነሳሽው ቢሏት አታውቅም። ስልኩ ያውቃል ትላለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱን ኔጋቲቭ ወደ መስኮቱ ይዛ ቆየች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንም አልተጻፈበትም።»

«የትኛው ነው እሱ?»

«ፈረስ ያለበት። ማሽኑ ደግሞ ስም ካልሰጠሁት አልቀበልም ይለኛል። ምን ብዬ ላስገባው?»

ተቀብዬ ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ልክ ነበረች። በዕድሜዬ ሙሉ ካነሳኋቸው ሁሉ ሆን ብዬ ምንም ያልጻፍኩበት እሱ ብቻ ነው። ያልጻፍኩትም የአንድ ሰው ነፍስ በእኔ ጽሕፈት ላይ ተንጠልጥላ ስለነበረች ነው።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው፣ በጥቅምት ወር፣ ወንጪ አፋፉ ላይ ወዳለ አንድ የገበሬ ማኅበር ለመታወቂያ ፎቶ ሄድኩ። ነጭ አንሶላ በጭቃ ግድግዳ ላይ ወጥሬ፣ በርጩማ አስቀምጬ፣ ሰዉን በተራ ሳነሳ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከሐይቁ ተነሳ። የወንጪ ጉም እንደ ጭስ ተበታትኖ አይመጣም፤ ተጠጋግቶ፣ እንደ መንጋ ነው ገደሉን የሚወጣው። ሊቀመንበሩና ታጣቂዎቹ ብርዱን ሸሽተው ጠላ ቤት ገቡ። እኔ ጎንበስ ብዬ ዕቃዬን እሰበስባለሁ። አጥሩ ላይ ታስሮ የነበረ አንድ ዳማ ፈረስ በድንገት መሬቱን በኮቴው ይመታ ጀመር።

ዞር ስል በርጩማው ላይ ሰው ተቀምጧል።

ሲመጣ አልሰማሁም። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቧል፤ የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። እንደዚያ ሲበርድ የማንኛችንም ትንፋሽ ይታይ ነበር። የእሱን አየሁ ብዬ መማል ግን አልችልም።

«አንተ ደግሞ የት ነበርክ? ሰዉ ሁሉ ተነስቶ አለቀ» አልኩት በኦሮምኛ።

«አሁን መጣሁ። አንሳኝ፣ አባ ሱራ።»

«ቶሎ በል፤ ብርሃኑ እያለቀ ነው።»

አነሳሁት። ከዚያ ስሙን ከነአባቱ ነገረኝና «አስተካክለህ ጻፈው» አለኝ።

«እኔ አጣምሜ ጽፌ አላውቅም። መታወቂያ ነው የምትፈልገው?»

«አይደለም። ልጄ አይቶኝ አያውቅም። ፎቶውን የሚወስድ ሰው እልካለሁ።»

እርሳሴን አርሼ ሁሉንም ጻፍኩ፤ ስሙን፣ ቦታውን፣ ወሩን፣ ጆሮውን። ቀና ስል በርጩማው ባዶ ነበር። እርጥቡን ሣር ተመለከትኩ፤ ሰዉ ሁሉ ሲረግጠው ስለዋለ የአንድ ሰው ዱካ የሚለይበት አልነበረም። ፈረሱ ግን ወደ ጉሙ አንገቱን መዝዞ ቀርቷል። የገጠር ሰው ፈጣን ነው ብዬ ተውኩት።

በኅዳር አምቦ ውስጥ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ ኮምፒውተር አመጣ። ከተማው ያን ዕቃ መጀመሪያ ያየው ያን ጊዜ ነው፤ ለነገሩ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ወደ ማሽኑ ክፍል የሚገባ ሁሉ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ መጋረጃው ቀንም አይገለጥም። በማሽኑ ላይ የሚሠራው ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ቀጭን የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። አውራጃው የገበሬው መዝገብ ሁሉ ማሽን ላይ ይሁን ስላለ ፖስታዎቼን በከረጢት ጭነው ወሰዱለት። ኔጋቲቮቹን ግን አልሰጠሁም፤ እነሱ ከእኔ ቤት አይወጡም።

ልጁን ሻይ ቤት ውስጥ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ጽሕፈትህ ያምራል» አለኝ። «ግን እጅ ይደክማል። ማሽን አይደክምም።»

«ማሽንህ የነገሩትን ነው የሚያውቀው። እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።»

«እሺ፣ አንድ ስህተት ባገኝብህስ?»

«አንድ ስህተት ካገኘህብኝ ሰሌዳዬን በገበያ ቀን፣ በገዛ እጄ አወርደዋለሁ!»

ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰማ። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከጥግ ሆኖ «መሰላሉን እኔ እይዝልሃለሁ፣ አባ ሱራ!» አለና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የማላወርደው መሆኑን አውቃለሁና።

ታኅሣሥ ውስጥ አንዲት ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ከአማቷ፣ ከባሏ አባት ጋር ወደ ፎቶ ቤቴ መጣች። ከወንጪ ነው የመጡት። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ወለሉን ያያሉ። የተናገረችው እሷ ናት።

«መርዶ ደረሰን። ባለቤቴ ለውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሰሜን፣ ሐምሌ ውስጥ ሞተ ተብሎ ስሙ በገበሬ ማኅበሩ ተነበበ። ለለቅሶው የሚያዝ ትልቅ ፎቶ ያውጡልን። እርስዎ ዘንድ አለ።»

ስሙን ነገረችኝ። ጆሮውንም ነገረችኝ።

ካርቶኑን አውጥቼ ኔጋቲቩን አገኘሁት። በገዛ ቀለሜ ጠርዙ ላይ የጻፍኩትን አነበብኩ፤ የዘንድሮው ጥቅምት ነው። ሐምሌ ያለፈው ክረምት ነበር። እጄን ውሃ ውስጥ የነከርኩት ያህል በረደኝ።

ጨለማ ክፍል ገብቼ ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ አስተኛሁት። ለሟች ፎቶ ማውጣት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ፎቶ ሳይነሳ የሞተ ሰው ሲኖር አስከሬኑን አንስቼ፣ የተከደነ ዓይኑን በቀጭን እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ ገልጬ፣ እናቱን እንዲያያት አድርጌ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የቱ የሞተው፣ የቱ እኔ የጨመርኩት እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ቀዩ መብራት ስር መጀመሪያ ጠጉሩ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ጎደሎው ጆሮ፣ ከዚያ ዓይኖቹ። እኔ አልገለጥኳቸውም። ራሳቸው ተገልጠው ያዩኛል። አማተብኩ።

ፎቶውን እርጥቡን ይዤ ወጣሁ።

«ስሙኝ» አልኩ። «ሐምሌ ሞተ ያላችሁኝን ሰው እኔ ጥቅምት ላይ አንስቼዋለሁ። እዚያው ወንጪ።»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። እሷ አላለቀሰችም፤ ደስ አላላትም።

«አባ ሱራ፣ ተሳስተዋል።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ሰው አይደሉም?»

«ግርጌው ላይ ተጽፏል፤ ይኸው!»

«ማንበብ አልችልም» አለችና ጣቷን ነጩ ጽሑፍ ላይ ልክ አሳረፈችው። «ይህን ይቁረጡልኝ።»

«የእኔን ጽሑፍ ከፎቶ ላይ ቆርጬ አላውቅም።»

«ይቁረጡልኝ ብያለሁ። በልጄ ይዤዎታለሁ።»

በመቀስ ቆረጥኩት። የገዛ ጣቴን የቆረጥኩ ያህል ነው የተሰማኝ። ይዘውት ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ሳሰላስል ዋልኩ። ባልሽ በሕይወት ሳይኖር አይቀርም ሲሏት ምንም የማትሆን ሚስት አይቼ አላውቅም። ሚስቱ ሞቷል ካለች ሞቷል። እኔ ደግሞ አልሳሳትም። ሁለቱም እውነት ከሆነ ያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሰው አልነበረም። ኔጋቲቩን በፊቱ ደፍቼ አስቀመጥኩት። ለብዙ ቀን ጨለማ ክፍል ስገባ በሩን በደንብ አልዘጋውም ነበር፤ በስንጥቁ ብርሃን እየገባ ብዙ ወረቀት ተበላሸብኝ።

በለቅሶው ቀን ሳልጠራ ሄድኩ። ፎቶ አንሺ ለቅሶ ቦታ መጥቶ ማንም ለምን መጣህ አይለውም። እኔ ግን የሄድኩት ያን ፊት ዳግመኛ በሰው መካከል ላየው ነው፤ ፎቶ መሆኑን ዓይኔ እንዲያምን።

የለቅሶው ሜዳ የሐይቁ አፋፍ ላይ ነው። ጉሙ ገና በረፋዱ ደርሷል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ደረታቸውን ይመታሉ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአንድ ወገን ተሰልፈዋል። ሚስቱ እኔ ያወጣሁትን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛለች። የሟች እናት ድምፃቸው ተዘግቶ አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እንደ አገሩ ልማድ የሟች ፈረስ ተጭኖ፣ ኮርቻው ባዶ እንደሆነ፣ በለቀስተኛው ዙሪያ ይመራል። ሲመጣ አወቅሁት። ያ አጥር ላይ የነበረው ዳማ ነው።

ፈረሱ አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛውን ሲዞር የወንዶቹ ሰልፍ ጫፍ ላይ ቆመ። የሚመራው ሰው ሳበው፤ አልሄደም። ጆሮዎቹን አቀና። ከዚያ አንገቱን ዘርግቶ፣ እስከ ዓይኑ የተከናነበ አንድ ሰው ደረት ላይ አፍንጫውን አሳረፈ። እንደዚያ ቀረ።

ለቅሶው ቀስ በቀስ ረገበ። መጀመሪያ ቅርብ ያሉት፣ ከዚያ ራቅ ያሉት ዝም አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚሰማው የፈረሱ ትንፋሽ ብቻ ሆነ። የተከናነበው ሰው አልተንቀሳቀሰም። ፈረሱ በአፍንጫው ሲገፋው ጋቢው ከራሱ ትንሽ ሸሸ፤ እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ ጆሮውን አየሁት። ጫፍ የለውም።

ሚስቱን አየሁ። ፊቷ አመድ መስሏል። ሊቀመንበሩን አየሁ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን እያሰገገ፣ ሰዉን በክርኑ እየከፈለ ወደ ፈረሱ ይመጣል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔ ግን በሕይወቴ ብርሃን ሲያልፍ አምልጦኝ አያውቅም።

«እንዳትንቀሳቀሱ!» ብዬ ጮኽኩ። «እንዲህ ያለ ፎቶ አይገኝም! ሊቀመንበር፣ እዚያው ይቁሙልኝ፣ ያምራል!»

ሊቀመንበሩ ፎቶ ሲባል ደረቱን ነፋና ቆመ። ዘልዬ ፈረሱ ፊት ደረስኩና ካሜራዬን ተጭኜ ፍላሼን ዓይኑ ሥር አበራሁት። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ፣ መሪውን ጣለ፣ ሰልፉን በጥሶ ኮርቻውን እያንኳኳ ጉሙ ውስጥ ገባ። ሰዉ «ያዘው! ያዘው!» እያለ ተከተለው። ግርግሩ ሲበርድ ያ ሰው የቆመበት ቦታ ላይ ማንም አልነበረም።

የወረደብኝን እርግማን አልዘረዝረውም። የሟችን ፈረስ ያስበረገገ ሰው ምን ይባላል? አንዱ ሽማግሌ «አንተ ከተሜ፣ የገዛ እናትህ ለቅሶ ላይም ፎቶ ቁሙ ትላለህ!» አሉኝ። ካሜራዬን ወደ ከረጢቱ መለስኩ። ራሴን መከላከል ጠልቼ ግን አልነበረም።

ሚስቱ ወደ ዕቃዬ መጣች፤ ልትሰድበኝ የመጣች አስመስላ እጇን እያወናጨፈች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«አሁን አወቁ።»

«አወቅሁ። ምን ሊሠራ መጣ?»

«አትምጣ ብዬው ነበር። እናቱን ልይ አለ። ለእሳቸው አልነገርናቸውም፤ ለቅሷቸው እውነት መሆን ነበረበት።» ከዚያ በአገጯ ወደ ሊቀመንበሩ ጠመንጃ አመለከተች። «ከጦር ሜዳ ጠፍቶ መጥቶ ጫካ ውስጥ ነው ያለው። ሞቷል እስከተባለ አይፈልጉትም። አለ ከተባለ ይገድሉታል። ሞቶ ይኑርልኝ፣ አባ ሱራ።»

ሞቶ ይኑርልኝ። ወደ አምቦ ስመለስ መንገዱን ሙሉ በጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከተማው ስገባ ነው ፖስታው ትዝ ያለኝ። ስሙን ከነአባቱ፣ ወንጪን፣ ጥቅምትን የጻፍኩበት ፖስታ ከእኔ ቤት የለም። ማሽኑ ዘንድ ነው።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አንድ ቀን ጠዋት የአውራጃው ካድሬ ታጣቂ ላከብኝ። «የዚህን ሰው ኔጋቲቭ ይዘህ አሁኑኑ ወደ ማሽኑ ቤት» የሚል ነው መልእክቱ፤ ስሙ በወረቀት ላይ ተጽፏል።

«ኔጋቲቩ ጨለማ ክፍል ነው፤ ብርሃን እንዳይገባበት በሩን አትክፈት» አልኩት። ኔጋቲቭ አንዴ ከታጠበ ብርሃን አይጎዳውም፤ ታጣቂው ግን ይህን ከየት ያውቃል? ገብቼ በምላጭ ጫፍ የጻፍኩትን ፋቅሁ። ፊልሙ ሳይሰረጎድ ቀለሙን ብቻ ማንሳት እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ገልብጬ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ዓመት ጻፍኩ፤ ሰውየው ለውትድርና ሳይወሰድ በፊት ያለውን። በር ላይ ሰው በጠመንጃ እየጠበቀኝ፣ አንድ ጭረት አላጣመምኩም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ ጽፌ አላውቅም።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያበራው የማሽኑ አረንጓዴ ፊደል ብቻ ነው። ካድሬው በካልሲ ቆሟል። ልጁ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ሲያየኝ በጣም ደስ አለው።

«ጋሼ፣ ሙት አንስተሃል!» አለኝ። «ከግንባር የመጣውን የሟቾች ዝርዝርና ያንተን ፖስታዎች ማሽኑ ሲያስተያይ አንድ ስም ተጋጨ። ሐምሌ የሞተውን ጥቅምት አንስቼዋለሁ ብለህ ጽፈሃል።»

እስክሪኑን አየሁት። እኔ በእርሳስ የጻፍኩት ስም እዚያ ውስጥ እያበራ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ቦታ ላይ፣ አንዱ ከሕያዋን ጋር፣ አንዱ ከሙታን ጋር።

«ጓድ፣ የሚያስቅ ነገር አይደለም» አለው ካድሬው። «ይህ ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ ከድቷል። ከከዳ ዛሬውኑ ሰው እልካለሁ። አንተ ደግሞ፣ ፎቶ አንሺው፣ ስህተት የለብኝም ባይ ነህ፤ በርህ ላይም ጽፈሃል። ተናገር፤ ፖስታው ልክ ነው ወይስ አይደለም?»

ያን ማሽን ላሸንፈው ስንት ቀን እንደተመኘሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አሸንፌውም ነበር። ልክ የነበረው የእኔ እርሳስ ነው። አንድ ቃል ብናገር አሸናፊነቴን ካድሬው ራሱ ይመሰክርልኝ ነበር።

«ፖስታው ልክ አይደለም» አልኩ። «ተሳስቻለሁ። ሰውየውን ያነሳሁት ድሮ ነው፤ ሳይዘምት። ኔጋቲቩ ላይ ተጽፏል።»

ልጁ ኔጋቲቩን ተቀብሎ የጠረጴዛ መብራት አበራና ወደ ብርሃኑ አነሳው። አውራ ጣቱ ጠርዙን ነካ። ጣቱን አየ። ጥቁር ነበር።

ቀለሙ አልደረቀም።

ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላው ካድሬው «እ?» ይላል። የማሽኑ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። ያ ልጅ ምን እንዳሰበ አላውቅም። ጣቱን ቀስ ብሎ ሱሪው ላይ ጠረገና ኔጋቲቩን ደብዛዛውን ፊት ወደ ላይ አድርጎ፣ ሙቅ አየር ከሚወጣበት ከማሽኑ አናት ላይ አስተኛው።

«ትንሽ እርጥበት አለው፤ ይድረቅ» አለ። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞሮ፦ «ዓመቱ ልክ ነው ጓድ። ድሮ የተነሳ ነው። ጋሼ ፖስታው ላይ ተሳስቷል። ማሽኑ ትክክል ነው፤ ሰውየው ሞቷል።»

«የእጅ ነገር!» አለና ካድሬው ጠረጴዛውን መታ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሰው ጽሑፍ ለመንግሥት ሥራ አይውልም።»

ልጁ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ከሕያዋን ጋር የነበረው ስም ጠፋ። እንዴት እንደሚጠፋ አይቻለሁ፤ ፍቅፋቂ የለው፣ ጠባሳ የለው። እኔ የምፍቀው ነገር ቢያንስ ምልክት ይተዋል። ያ ግን ኖሮ የማያውቅ ያህል ነው የሆነው።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ሰሌዳዬን አወረድኩ። ሹፌሩ ቃሉን ጠብቆ መሰላሉን ያዘልኝ። ከጉደር የመጣ ሁሉ ቆሞ አየ። አንዷ በርበሬ ሻጭ «አባ ሱራ፣ ሙት ሲስቅ ታነሳለህ አሉ፤ አባቴን አንሳልኝ!» አለችኝ። የመታወቂያውን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጡት፤ እሱም የሰዉን ጆሮ እየቆረጠ ያነሳ ጀመር። ይህንን ሁሉ ቻልኩት። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። አለመናገር ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ልጁ ሥራውን ለቅቆ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ሊሰናበተኝ መጣ።

«ጋሼ፣ ሳልሄድ ላስተካክለው? ያንን ስም።»

«ተወው። እዚያ ይሻለዋል።»

ስለ ቀለሙ ግን ያን ጊዜም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

በመጨረሻ ደርግ ወደቀ። በዚያው ክረምት ማሽኑን ሸራ አልብሰው በመኪና ጫኑት። የት እንዳደረሱት የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ጉሙ ሲከብድ አንዳንዴ አስበዋለሁ፤ የሆነ መጋዘን ውስጥ፣ በጨለማ፣ ያ ሰው እስከ ዛሬ ሙት ነው።

መስከረም ሲጠባ ዳማውን ፈረስ በር ላይ አስረው ሦስት ሆነው ገቡ፤ እሱ፣ ሚስቱና ልጁ። በቀን፣ በአደባባይ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ብቻ ጣል አድርጎ።

«አባ ሱራ፣ ነጋ ቡልቴ?» አለኝ፤ በሰላም አደርክ ወይ ነው።

እናቱ ሲያዩት መጀመሪያ የነኩት ጆሮውን ነው አለኝ። ልጁ ግን አይጠጋውም ነበር። ሲያድግ አባትህ ይህ ነው ተብሎ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ነው የሚያውቀው፤ ያኛው አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። አሁን ያ ፊት ከግድግዳው ወርዶ ሲናገር የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ሦስቱን በአንድ ላይ አነሳኋቸው። ልጁ ፎቶው ላይ ዓይኑ ከአባቱ አልተነሳም።

ሰውየው በሩ ኋላ ያለውን ሰሌዳ አይቶ ምንድነው አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አንድም አላስቀረሁ። መልካም ሥራውን የሚደብቅ ሰው አይደለሁም፤ እስከዚያ ቀን መደበቄ ራሱ ይበቃል። ሰሌዳውን አንስቶ ወጣ፣ ድንጋይ ፈለገ፣ ያረጀውን ምስማር መልሶ መታው።

ልጄ አሁንም መልስ ትጠብቃለች። ማሽኗ ስም ይፈልጋል። እኔም ታሪኩን ከነገርኳት በኋላ የሠራሁትን ቆጥሬ እዚህ አቆማለሁ፤

ያለ አስተማሪ ፎቶ ተማርኩ።

ፊደልን ገልብጬ እንደ ቀናው ፈጥኜ ጻፍኩ።

የአውራጃውን ገበሬ ፊት ጆሮ ሳልቆርጥ አነሳሁ።

ዓይናቸውን የከደኑ ሰዎችን ዓይን ገለጥኩ፤ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ዛሬም ይተያያሉ።

ለቅሶ አበላሸሁ። ወንጪ ውስጥ አሁንም በዚያ የሚያውቁኝ አሉ፤ ይሁን።

ልክ ሆኜ ሳለ ተሳስቻለሁ አልኩ። ይህን ከአምቦ ፎቶ አንሺዎች ማን ችሏል?

አንድን ሰው በማሽን አስገድዬ በጫካ አኖርኩት።

አንድ ኔጋቲቭ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ፈረሱን፣ የሊቀመንበሩን የተነፋ ደረት፣ በመካከላቸው የተከናነበውን ሰው ያሳያል። ልጄን «ባዶ ከሆነ አልቀበልም ካለ አታስገቢው» አልኳት፤ መልሼም በፊቱ ደፍቼ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩት።